ከቦሌ እስከ ደለስ፦ ኪሎ ሜትሩ አንድ፣ ሰዓቱ ሁለት

ከቦሌ ዓለም አቀፍ አውሮፕላን ማረፊያ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አውሮፕላን ማረፊያ ያለው ርቀት በአጭሩ የአየር መስመር ሲለካ 11,560 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ከደለስ ወደ ቦሌም ያው ነው። ሰዓቱ ግን ያው አይደለም። ከቦሌ ተነስቶ መንገድ ላይ አንድ ቦታ የሚያርፈው በረራ ከ16 እስከ 17 ሰዓት ሲፈጅ፣ ከደለስ ተነስቶ በቀጥታ ወደ ቦሌ የሚመጣው 13 ሰዓት ገደማ ይበቃዋል። በመሄድና በመምጣት መካከል የሦስት ሰዓት ተኩል ያህል ልዩነት አለ ማለት ነው። ይህን ልዩነት መስመሩን የተመላለሰበት ሁሉ ያውቀዋል። ከየት እንደመጣና ሒሳቡን ማን እንደሚከፍል ግን ገበያው ውስጥ ሲነገር አይሰማም። ይልቁንም የሚሰማው «ለምን በቀጥታ አይበርም?» የሚለው ቅሬታ ነው። ይህ ጸሐፊ ቅሬታው በተሳሳተ በር ላይ የቆመ ነው ባይ ነው።

በመጀመሪያ የወረቀቱን ሒሳብ እንይ። ረጅም መንገድ የሚሄድ ጄት አውሮፕላን በሰዓት 900 ኪሎ ሜትር ያህል ይበራል። 11,560ን ለ900 ያካፈለ ሰው 12 ሰዓት ከ50 ደቂቃ ያገኛል። ከዋሽንግተን ሲመጡ መልሱ እውነት ይመስላል፤ ወደ ዋሽንግተን ሲሄዱ ግን ሒሳቡ ይፈርሳል። ሒሳቡን የሚያፈርሰው ርቀቱ አይደለም። መነሻው ነው።

ቦሌ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,300 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ነው ያለው። ደለስ 100 ሜትር እንኳ አይሞላም። በቦሌ ከፍታ ያለው አየር በባሕር ወለል ካለው አየር በአንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ ፀሐይ ሲበረታ ደግሞ ይብሱን ይሳሳል። አየር ሲሳሳ ሁለት ነገር ይሆናል። ሞተሩ የሚገፋው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ ክንፉም የሚደገፍበት አየር ስለሚያንስ አውሮፕላኑ ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት፣ ስለዚህም የበለጠ መንደርደሪያ ይፈልጋል። የቦሌ ረጅሙ መንደርደሪያ 3,800 ሜትር ነው፤ የደለስ ረጅሙ 3,500 ሜትር ገደማ። የእኛው ይረዝማል፤ ሆኖም ያን ያህል ክብደት ይዞ የሚያስነሳው የእነርሱ ነው። መንደርደሪያ በሜትር ብቻ አይለካም።

እንግዲህ ከቦሌ የሚነሳ አውሮፕላን የክብደት ጣራ አለበት። ክብደቱ ሦስት ነገር ነው፦ የአውሮፕላኑ የራሱ አካል፣ ነዳጁ፣ የሚጫነው ሰውና ዕቃ። አካሉን መቀነስ አይቻልም። 11,560 ኪሎ ሜትር በቀጥታ ለመሄድ የሚያስፈልገውን ነዳጅም መቀነስ አይቻልም። ስለዚህ የሚቀነሰው ሦስተኛው ነው። ከሦስተኛው ውስጥ ደግሞ ትኬት የቆረጠውን መንገደኛ አውርዶ ዕቃውን የሚያስቀር አየር መንገድ የለም፤ መጀመሪያ የሚቀረው ካርጎው ነው።

በቁጥር ሲታይ ነገሩ ግልጽ ይሆናል። ድሪምላይነር የሚባለው ቦይንግ 787 በሰዓት 5 ቶን ገደማ ነዳጅ ይጠጣል። ከቦሌ ወደ ደለስ ነፋስ እየተጋፋ በቀጥታ ይሂድ ቢባል 14 ሰዓት ይበራል እንበል፤ 70 ቶን ነዳጅ ነው፣ መጠባበቂያው ሳይቆጠር። ስምንት ሰዓት ያህል በርሮ ደብሊን ላይ ቢያርፍ ግን ከቦሌ ይዞ የሚነሳው 40 ቶን አካባቢ ይሆናል። በመካከል 30 ቶን አለ። ግምት ነው፤ ግን የነገሩን መጠን ያሳያል። 30 ቶን ማለት አንድ ሰው ከነሻንጣው 100 ኪሎ ቢመዝን የ300 ሰው ክብደት ነው። ብዙዎች «ጊዜ ማባከኛ» የሚሉት የመንገድ ማረፊያ ይህን ቦታ የሚገዛ ነው።

እዚህ ላይ ነጋዴው ልብ ሊለው የሚገባ ነገር አለ። ከቦሌ የሚወጣው አቅጣጫ የላኪው አቅጣጫ ነው። ከዋሽንግተን የሚመጣው የአስመጪው ነው። የደለሱ አውሮፕላን ከዝቅተኛ ቦታ ስለሚነሳ ነዳጁንም ጭነቱንም ሞልቶ ይመጣል። የቦሌው ግን እንጀራ፣ በርበሬ፣ ሽሮ ይዞ ሲነሳ እያንዳንዷን ኪሎ ከነዳጅ ጋር እያደራደረ ነው። ከፍታው ቀረጥ የሚቆርጠው ከሚልከው እንጂ ከሚያስመጣው አይደለም። በሜሪላንድና በቨርጂኒያ ያሉ የኢትዮጵያውያን ሱቆችና ምግብ ቤቶች ጠዋት እንጀራ እንደ ልብ የሚያገኙት አውሮፕላኑ ዕቃ የሚጭንበት ክብደት ስለተረፈው ነው። ስለዚህ «ከቦሌ በቀጥታ ይብረርልን» የሚል መንገደኛ ሳያውቀው የጎረቤቱን የእንጀራ ካርቶን አውርዱልኝ እያለ ነው።

ማረፊያው ራሱ የት ይሁን የሚለው ሌላ የንግድ ጥያቄ ነው። አየር መንገዱ እ.ኤ.አ. በ1998 አትላንቲክን ማቋረጥ ሲጀምር መሸጋገሪያው ሮም ነበረች። በኋላ ደብሊን መጣች፤ ሎሜም እንዲሁ። ካርታ ግድግዳ ላይ ሰቅሎ የሚያይ ሰው «አየርላንድ ድረስ ወደ ሰሜን ምን ወሰዳቸው?» ሊል ይችላል። ካርታውን ትቶ ሉል ላይ ክር ይወጥር። ከአዲስ አበባ ዋሽንግተን ድረስ የተወጠረው ክር አፍሪካን አግድም አቋርጦ አይሄድም፤ ሱዳንን አልፎ፣ ሜዲትራኒያንን ተሻግሮ፣ ምዕራብ አውሮፓን ነክቶ ነው አትላንቲክ የሚገባው። ቦሌ-ደብሊን 6,365፣ ደብሊን-ደለስ 5,465 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ሲደመር 11,830። ከቀጥታው የሚበልጠው በ270 ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ የ20 ደቂቃ በረራ አይሞላም። ስለዚህ በደብሊን የሚጠፋው ጊዜ የመንገድ ጊዜ አይደለም። ወርዶ፣ ቆሞ፣ ነዳጅ ቀድቶ፣ እንደገና ወጥቶ የሚጠፋ ነው።

ሎሜ በአንጻሩ መንገዱን በ1,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ያረዝማል። ታዲያ ለምን ተመረጠች? ለምን ቢሉ ደብሊን የሚገዛው ነዳጅ ሲሆን፣ ሎሜ የሚገዛው ገበያ ነው። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ድርሻ ያለበት አስካይ እ.ኤ.አ. ከ2010 ጀምሮ ሎሜን ማዕከል አድርጎ የምዕራብ አፍሪካን መንገደኛ እየሰበሰበ ነው። በሎሜ ወርዶ የሚሄድ፣ ከሎሜ ተሳፍሮ አሜሪካ የሚገባ ሰው አለ። 1,200 ኪሎ ሜትር የጨመረ መስመር ከአጭሩ መስመር የበለጠ ሊያተርፍ ይችላል። ርቀትን ከወጪ ጋር አንድ አድርገው የሚያዩ ባለሀብቶቻችን ይህችን ነጥብ ቢይዟት ለጭነት መኪና ሥራቸውም ትጠቅማለች፤ ባዶ ከሚመለስ አጭር መንገድ ሞልቶ የሚመለስ ረጅም መንገድ ይሻላል።

ነፋሱንም መርሳት አይገባም። በሰሜን አትላንቲክ ላይ በከፍታ የሚነፍሰው ኃይለኛ ነፋስ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው፤ ክረምታቸው ሲገባ ይበረታል። ከደለስ ሲመጡ ከኋላ ይገፋል፤ ወደ ደለስ ሲሄዱ ፊት ለፊት ይጋፈጣል። የቦሌ መንገደኛ ከፍታውም ነፋሱም በአንድ አቅጣጫ ተባብረውበታል።

አሁን ወደ ትኬቱ ወረቀት እንምጣ። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የየአገሩ ሰዓት ስለሆነ ከቁጥሩ ጉዞውን ማስላት ያሳስታል። ለምሳሌ በእነርሱ ክረምት፣ የሰዓት ልዩነታችን ስምንት ሰዓት በሆነበት ወቅት፣ ከአዲስ አበባ ከምሽቱ 4፡30 የተነሳ ሰው 16 ሰዓት ተኩል ተጉዞ ሲደርስ የዋሽንግተን ሰዓት ከጠዋቱ 1 ሰዓት ነው። በወረቀቱ ላይ ያለው ልዩነት ስምንት ሰዓት ተኩል ብቻ ነው። ሲመለስ ደግሞ ከረፋዱ 5 ሰዓት ከደለስ ተነስቶ፣ 13 ሰዓት በርሮ፣ በማግስቱ ከጠዋቱ 2 ሰዓት ቦሌ ይደርሳል። ወረቀቱ 21 ሰዓት ይላል። እንግዲህ በወረቀት የሄደበት አጭር፣ የመጣበት ረጅም ሆነ፤ በእውነቱ ግን የተገላቢጦሽ ነው። በእነርሱ በጋ አሜሪካኖቹ ሰዓታቸውን ስለሚያዞሩ ልዩነቱ ሰባት ይሆንና ሒሳቡ እንደገና ይለወጣል።

ከዚህ የባሰው የቀን ነገር ነው። የእኛ ቀን ሲነጋ ይጀምራል፤ የትኬቱ ቀን ግን ሌሊት 6 ሰዓት ላይ ይለወጣል። ትኬቱ «በ10ኛው ቀን 00፡30» ካለ ለእኛ የ9ኛው ቀን ሌሊት 6፡30 ነው። በ10ኛው ቀን ማታ ሻንጣውን ይዞ የሚመጣ መንገደኛ አውሮፕላኑ አንድ ቀን ሊሞላው ጥቂት ሰዓት ሲቀረው ነው የሚደርሰው። ዱባይና ጓንግዡ የሚመላለሱ ነጋዴዎች ይህን በልምድ ተምረውታል። አዲስ ገቢው ግን ገና በገንዘቡ ይማራል። የጉዞ ወኪሎቻችን ትኬቱን ሲሰጡ ከጎኑ «ማክሰኞ ማታ ለረቡዕ አጥቢያ» ብለው በእስክርቢቶ ቢጽፉበት ምን ያህል ብር እንደሚያድኑ ያውቁ ይሆን?

ለመሆኑ ያቺ ሦስት ሰዓት ለነጋዴ ምን ዋጋ አላት? ከላይ ባለው ምሳሌ የመንገድ ማረፊያው ተነስቶ በረራው 14 ሰዓት ቢሆን፣ መነሻው ካልተለወጠ መንገደኛው ዋሽንግተን የሚደርሰው ከሌሊቱ 10፡30 ነው። በዚያ ሰዓት የሚከፈት ባንክ የለም፣ የሚቀበል ደንበኛ የለም፣ ክፍል የሚሰጥ ሆቴልም ያለ ተጨማሪ ክፍያ አይገኝም። የዳነችው ሰዓት የሞተች ሰዓት ናት። በርግጥ መነሻውን መግፋት ይቻላል፤ ግን የቦሌ የማታ በረራዎች ከአፍሪካ ከተሞች የሚመጡትን መንገደኞች ተቀብለው አስተላላፊ ስለሆኑ አንዱን መግፋት ሌላውን ይነካል። ለነጋዴ የሚጠቅመው አጭር በረራ ሳይሆን የሥራ ቀን የማይበላ በረራ ነው። ማታ ተኝቶ ጠዋት ሥራ የሚያስገባ 16 ሰዓት፣ ቀኑን ሙሉ አየር ላይ ከሚያውል 13 ሰዓት ይሻላል። በዚህ ሚዛን ሲታይ ሁልጊዜ የሚወቀሰው የመሄጃ በረራ ከመመለሻው የተሻለ ዕቃ ነው።

ወደ ጓንግዡ ያለው 8,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። 10 ሰዓት አካባቢ ይወስዳል፤ ለመመለስ ትንሽ ይጨምራል፤ ነዳጁ ስለሚበቃ በሁለቱም አቅጣጫ ያለ ማረፊያ ይኬዳል። ዱባይ 2,520 ኪሎ ሜትር፣ አራት ሰዓት ናት። እነዚህን ያነሳሁት ለንጽጽር ብቻ ሳይሆን ለቀጣዩ ጉዳይ ስለሚያስፈልጉኝም ነው።

ቀጣዩ ጉዳይ ቢሾፍቱ ነው። ከአዲስ አበባ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ርቆ የሚሠራው አዲሱ አውሮፕላን ማረፊያ ግንባታ በጥር 2018 ዓ.ም. በይፋ ተጀምሯል። 12.5 ቢሊዮን ዶላር ተገምቶለታል፤ የመጀመሪያው ምዕራፍ እ.ኤ.አ. በ2030 እንዲያልቅ ታቅዷል፤ ሲጠናቀቅ አራት መንደርደሪያ ኖሮት በዓመት 110 ሚሊዮን መንገደኛ ያስተናግዳል ተብሏል። ቦታው ከባሕር ወለል 1,900 ሜትር ገደማ ነው፤ ከቦሌ 400 ሜትር ያህል ዝቅ ይላል።

ዝቅታው ይጠቅማል። ለላኪው በተለይ ይጠቅማል፤ ከላይ ያየነው የክብደት ጣራ ከፍ ይላል። ግን ተአምር አይጠበቅ። 1,900 ሜትርም ቢሆን ደጋ ነው፤ ሙቀቱም ከቦሌ ከፍ ይላል። ኬንያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በጥቅምት 2018 ከናይሮቢ ኒውዮርክ ያለ ማረፊያ መብረር ሲጀምር የናይሮቢው ማረፊያ 1,620 ሜትር ላይ ነው ያለው። ቢሾፍቱ በቦሌና በናይሮቢ መካከል ትሆናለች። አውሮፕላኖቹም እየተሻሻሉ ነው፤ እ.ኤ.አ. በ2012 ድሪምላይነሩ፣ በ2016 ኤርባስ 350፣ በ2024 ደግሞ ትልቁ ኤርባስ 350-1000 ገብተዋል። አውሮፕላን በተሻሻለ ቁጥር የከፍታው ቅጣት ይቀንሳል እንጂ አይጠፋም።

የእኔ ሥጋት ከሰማዩ ሳይሆን ከመሬቱ ነው። ለዋሽንግተን መንገደኛ በአጠቃላይ 22 ሰዓት ከሚፈጅ የቤት-ለቤት ጉዞ ላይ አንድ ሰዓት የመኪና መንገድ ቢጨመር ብዙም አይሰማውም። ለዱባይ ነጋዴ ግን ሌላ ነው። አራት ሰዓት ለሚበር ሰው ሲሄድ አንድ ሰዓት፣ ሲመለስ አንድ ሰዓት መጨመር ዱባይን ወደ ሙምባይ ማራቅ ነው። ከመርካቶ ተነስቶ ቦሌ ለመድረስ በሥራ መውጫ ሰዓት ስንት እንደሚፈጅ ሁላችንም እናውቃለን። ከዚያ በኋላ ነው 40 ኪሎ ሜትሩ የሚጀምረው።

በዚህ ረገድ ከደለስ የሚቀሰም ትምህርት አለ። ደለስ ከዋሽንግተን መሐል 42 ኪሎ ሜትር ያህል ይርቃል፤ ከቢሾፍቱ ጋር መንትያ ናቸው ማለት ይቻላል። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1962 ሲመረቅ የአውሮፕላን መንገደኛ ብቻ የሚጠቀምበት፣ ክፍያ የሌለበት ልዩ መንገድ አብሮት ተከፍቷል። ባቡሩ ግን ደለስ የደረሰው በኅዳር 2022 ነው። 60 ዓመት ሙሉ ከዋሽንግተን ታላቁ ማረፊያ በባቡር መሄድ አይቻልም ነበር። ያን ሁሉ ጊዜ ያሻገራቸው ልዩ መንገዱ ነው። መሐል ከተማው አጠገብ ያለው አሮጌው ናሽናል ማረፊያም አልተዘጋም፤ ከ2,000 ኪሎ ሜትር ገደማ በላይ የሚሄዱ በረራዎች፣ በምክር ቤቱ ከተፈቀዱት ጥቂቶች በቀር፣ ከዚያ እንዳይነሱ ተከልክሎ ለአጭሩ መንገድ ቀርቷል።

«ታዲያ እኛም ዱባይን ቦሌ ላይ እናስቀር» የሚል ይኖራል። ሐሳቡ ያጓጓል፤ አልስማማበትም። ከአቢጃን መጥቶ ዱባይ የሚሄደው፣ ከዱባይ መጥቶ ሉሳካ የሚገባው መንገደኛ ሁለቱን አውሮፕላኖች በአንድ ጣሪያ ሥር ማግኘት አለበት። በመካከል የ40 ኪሎ ሜትር አውቶቡስ ከገባ ያ መንገደኛ በናይሮቢ ወይም በዶሃ ይሄዳል። ዱባይ በቀን ብዙ በረራ ያለው መንገደኞች እየተጋሩት ነው፤ እኛ ብቻ ብንሆን ይህን ያህል ምርጫ አናገኝም ነበር። ስለዚህ ወደ ቢሾፍቱ መሄዱ የማይቀር ከሆነ ሁሉም አብሮ ይሂድ። አባቶቻችንም ጄት ሲመጣ የልደታ ሜዳ አልበቃ ብሎ ወደ ቦሌ ሲዛወሩ ቦሌ ከከተማ ውጭ ነበር።

የባቡርና የመንገድ ማያያዣ በዕቅዱ ውስጥ እንዳለ ተነግሯል፤ መልካም ነው። እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው የአዲስ-አዳማ የክፍያ መንገድም በዚያው አቅጣጫ ያልፋል። ነገር ግን ይህ መንገድ ወደ ጂቡቲ የሚወርደውንና የሚወጣውን የጭነት መኪና ሁሉ የተሸከመ ነው። የመንገደኛው መኪና ከኮንቴይነሩ ኋላ ተሰልፎ የሚሄድ ከሆነ ሰማይ ላይ በደቂቃ የተገኘው ምድር ላይ በሰዓት ይመለሳል። ባለሀብቶቻችን በአዲሱ ማረፊያ ዙሪያ ስለ ሆቴልና ስለ መጋዘን ቦታ ከወዲሁ ማውራት ጀምረዋል። ከቦታው ዋጋ በፊት ግን ጠይቀው ማወቅ ያለባቸው ባቡሩ ከመጀመሪያው በረራ ጋር አብሮ ይከፈት እንደሆነ፣ ሻንጣ አዲስ አበባ ላይ ማስረከብ ይቻል እንደሆነ፣ ከሁሉ በላይ ደግሞ ባቡሩ በስንት ሰዓት ሥራ እንደሚያቆም ነው። የእኛ ብዙ በረራዎች የሚነሱት ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ሌሊቱ 8 ሰዓት ባለው ጊዜ ነው። ከምሽቱ 3 ሰዓት በኋላ ባቡር ከሌለ የዱባዩ ነጋዴ ከነሻንጣው የሚሄደው በታክሲ ነው፤ የሌሊት ታክሲ ለ40 ኪሎ ሜትር ስንት እንደሚጠይቅ ደግሞ ይህን ገጽ ለሚያነብ ሰው መንገር አያስፈልግም።